ቦርዱ ሲገባ ብድግ ያልኩ ዕለት

ክቡር አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንዴት ዋላችሁ?

በስንብት ቀን ተሰናባች አዘጋጆቹን አመስግኖ ነው የሚጀምር። እኔም እንደ ደንቡ ላመሰግን ብዬ ዞር ዞር ብል አዘጋጁ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ቤቱ የእናቴ ነው። ድንኳኑ የእድር ነው። ወንበሩ የመሥሪያ ቤት ነው። ወጡ ከስንት ጓዳ ተቀድቶ እንደመጣ እግዜር ይወቀው። እንግዲያስ ሁላችሁንም በጅምላ ነው የማመሰግነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወንበሩንስ እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው? በዚያ መሥሪያ ቤት ዕድሜዬን ስፈጅ አንዲት ወንበር ከግቢው በር ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ዘበኛው የገዛ ዱላውን ይዞ ሲወጣ እንኳ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ጧት ግን ያ ሁሉ ወንበር በእናንተ ራስ ላይ ሆኖ ሲመጣ በመስኮቴ አየሁ። አቶ ፍቅረ ሥላሴም አንዱን ተሸክመዋል! ኃላፊ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንጂ ወንበር ኃላፊ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እስካሁን ባየሁት ስንብት ሁሉ ተሰናባቹ ንግግሩን ያደርጋል፣ ጋቢውን ይለብሳል፣ ሰዉን ይስማል፣ ይሄዳል። እዚህ ግን ንግግሬ ሲያልቅ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። እኔ የት እሄዳለሁ? አልጋዬ ያውላችሁ፣ በበሩ ይታያችኋል። ሳቁ እንጂ፣ ምን ያሳፍራችኋል?

አሁን ስትገቡ ግን አንድ ነገር ሆነ። አልተነሳሁላችሁም።

እናቴ እማሆይ ወለተ ኪዳን እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። ሰማንያን አልፈዋል። እናንተ ስትገቡ እርሳቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ብድግ አሉና «ኖር!» አሏችሁ። እናንተም «በእግዚአብሔር» ብላችሁ አስቀመጣችኋቸው። እኔ ልጃቸው ግን እንደ ጉልቻ ቁጭ። ይኸው እስካሁን በዓይናቸው እየቆነጠጡኝ ነው። በዚህ ቤት ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል ልጅ አላደገም። እጄን ሊጥ ይዞት እንደሆነም፣ ትኩሳት ላይ ተኝቼ እንደሆነም፣ የሰው ድምፅ በር ላይ ከተሰማ ብድግ ነው። ለእናንተ ይኼን ምን አስረዳለሁ፣ እናንተም እንዲሁ ናችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ የዚያችን ብድግ ማለት ነገር ነው። ግማሹን ታውቁታላችሁ፣ ተሸክማችሁታልና። ግማሹን ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ቃሬዛ ላይ በጀርባው የተኛ ሰው የሚያየውን ተሸካሚው አያይም።

መሲ፣ አንቺ በእኔ ቦታ የተቀጠርሽው፣ እኔን ሥራ ላይ አላየሽኝም። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ጎበዝ ታይፒስት! ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ግን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ማን ይከለክለኛል? የጽሕፈት መኪናዬ ሲንጣጣ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጣለ ብሎ ቀና ይል ነበር። የማላነበው የእጅ ጽሑፍ አልነበረም። አቶ ፍቅረ ሥላሴ የራሳቸውን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታቸው «የብርጓል፣ እስቲ እዚች ላይ ምን ብዬ ነው?» እያሉ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ውሸቴን ነው? ይኸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ቁርጥማቱ መጣ። መጀመሪያ አንዲት ጣት ነበረች። እሷ እህቶቿን ጠራች። ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? ጧት ጧት አድርቆ ያስቀረኛል። ማንኪያ አልይዝም፤ የሚያጎርሱኝ እናቴ ናቸው። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ እጄ በሞቀ ውኃ ሲታሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይፈታኛል። ያን ጊዜ የመጣ ጠያቂ «ውይ፣ ዛሬስ ደህና ነሽ!» ይለኛል። እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። ጧቱን ማን አየው?

ጠበሉንም ኪኒኑንም ሞከርኩ። ነገሬ እየጠበበ ሄደ። ከመሥሪያ ቤት ቀርቼ ቤተ ክርስቲያን ብቻ መሄድ ሆነ። ከዚያ እሱም ቀረና ግቢዬ ውስጥ ፀሐይ መሞቅ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አልጋዬና እኔ ብቻ ቀረን። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። የሕመም ፈቃድ ያልቃል። ሲያልቅ ወይ ሥራ መግባት ነው፤ ወይ የሐኪሞች ቦርድ አይቶ «ይህች ሴት መሥራት አትችልም» ብሎ ሲመሰክር በሕመም ጡረታ መውጣት ነው። ሁለቱም ካልሆነ መሰናበት ነው። እንዲህ እንደ ዛሬው ድንኳንና ወጥ ያለው ስንብት እንዳይመስላችሁ፤ በባዶ እጅ ነው። ከእኔ ደመወዝ በቀር እኔና እናቴ የምንተዳደርበት አልነበረንም። ስለ ራሴ አልነበረም ፍርሃቴ። በዚህ ዕድሜያቸው እናቴን ምን ላደርጋቸው ነው? ለማን ነው የምሰጣቸው? ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቦርዱ ደግሞ ቤት ለቤት አይዞርም፣ ታማሚው ራሱ ነው የሚቀርበው። ጉዴን ተመልከቱልኝ፤ ከቤት መውጣት እንደማልችል ለማስመስከር ከቤት መውጣት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የ1993 ሐምሌ ላይ ዋለ። የደብረ ማርቆስን ሐምሌ አልነግራችሁም። እዚህ ሰፈር እንኳን መኪና ፍየልም የምትገባው በልመና ነው። የመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር ጋራዥ ገብታ ነበር፤ ጋሪ እንዳይሆን መንገጫገጩ አጥንቴን ይበትነዋል። ሾፌራችን ባዘዘው ታዲያ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ከየት እንደሆነ አመጣና የመኪናዋን ሸራ ጠፈረበት። ቃሬዛ ሆነ። በበሩ ብቅ ብሎ «እትዬ የብርጓል፣ መኪናሽ መጣች» አለኝ። «ነዳጅ አትጠይቅም፣ ጎማዋም አይተነፍስም።»

አመተ ሥላሴ ግን ከእሱ ቀድማ ገና ሳይነጋጋ ነው የመጣች። የመዝገብ ቤቷ አመተ ሥላሴ፣ እኔ ሥራ ሳቆም ጽሑፌን በሁለት ጣቷ እየለቀመች የጻፈችልኝ። አሁን ምን ያስጎነብስሻል? ቀና በይ። የሞቀ ውኃ በጀበና፣ ቅቤ በስኒ ይዛ መጣች።

«ሰው ፊት ተጎሳቁለሽ አትቀርቢም» አለችኝ።

«ሐኪም ፊት እኮ ነው የምቀርበው፣ ላገባ አይደለም» ብላት፣ «ዝም በይና አንገትሽን ቀጥ አድርጊ» አለችኝ።

ጸጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ። የጥምቀት ቀሚሴን አወጣችና አለበሰችኝ። ዓይኔን ኳለችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ በሞቀ ውኃና በቅቤ ስታሽ ቆይታ፣ መንገድ ላይ እንዳይበርዳቸው ብላ በነጠላዋ ጠቀለለቻቸው። እናቴ አዩኝና «ልጄ ዛሬስ ሰው መሰለች» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከመካከላችን አንድ ሰው ቆም ብሎ ወዴት እንደምሄድ አላሰበም። እኛ የምናውቀው ሰው ሹም ፊት ሲቀርብ አምሮበት እንደሚቀርብ ነው።

ወጣን።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ከበሩ ስታወጡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን ነው። እነዚያን ወራት ሁሉ ያየሁት ኮርኒሴን ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ያለውን የውኃ ጠብታ እድፍ ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። ሰማይ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን ረስቼው ኖሯል። ደመናው ጥቁር ነው፣ በስተ ምሥራቅ በኩል ግን ተቀዶ ብርሃን ይወርዳል። የባሕር ዛፉ ጫፍ በዚያ ላይ ይወዛወዛል። አቤት አምላኬ፣ አቤት ሥራህ! እንዳልኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝናቡም አፌ ገባ።

ከዚያ ደግሞ እናንተን አየሁ። ሰውን ከሥር ሆናችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አገጩ፣ የአንገቱ ሥር፣ የሚተነፍሰው ትንፋሽ። በዓመት ዕረፍት ተራ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሰላም ያልተባባሉ ሁለት ሰዎች በአንድ አጣና ሥር ሆነው እግራቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ይኸው ዛሬም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአቶ ፍቅረ ሥላሴ ክራቫት ዝናብ ጠጥቶ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል። ደስ አለኝ። ታምሜ፣ ረጥቤ፣ ፈርቼ፣ ደስ አለኝ!

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በይጁቤ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ በግ በትከሻው ተሸክሞ ከፊታችን ይመጣል። ቃሬዛውን ሲያይ በጉን አውርዶ ገመዱን ለሚስቱ አስያዘና ትከሻውን ሰጠ። «ማን ናት?» አላለም። «ምን ሆና ነው?» አላለም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ «እስከ የት ነው?» እሱ ሲደክመው ሌላ ተቀበለ፣ ያም ለሌላ አቀበለ። ቃሬዛ ሲያይ ያልቆመ ሰው አላየሁም። አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን እኔ ላይ ዘርግተው እርሳቸው እየበሰበሱ ሸኙኝ። እኔ እኮ እነዚህን ሰዎች በመልክም አላውቃቸው! ዛሬም ድረስ ባስበው ባስበው አልጨርሰውም፤ ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

አንዲት ሴት ብቻ አስቸገረችን። ከበሯ ብቅ አለችና ነጭ ልብሴን አይታ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን ደቃች። ቀና ብዬ «ኧረ አለሁ እናቴ፣ ቦርድ ልቀርብ ነው!» አልኳት። ዕንባዋን ጠረገችና አስተውላ አየችኝ። «ታዲያ እንዲህ አምሮብሽ?» አለች።

ያኔ ልንሰማት በተገባ ነበር። በዚያ ቀን ከሁላችንም ያሰበች እሷ ናት።

ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሞቹ ጧት በሽተኛ ሲያዩ ስለሚቆዩ ቦርዱ የሚሰበሰበው ከሰዓት ነው። ከሰዓት ደግሞ የእኔ ደህና ሰዓት ነው። በቃሬዛ ላስገባሽ ቢለኝ ባዘዘው፣ እምቢ አልኩ። እንዴት ተሸክመውኝ ትልልቅ ሰዎች ፊት እገባለሁ? ደግፋችሁ ወንበር ላይ አስቀመጣችሁኝና ወጣችሁ። እጄ ሞቋል፣ ሹሩባዬ አልፈረሰም፣ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ።

በሩ ተከፈተ። ሦስት ሐኪሞች ገቡ፤ ከፊት ያሉት ሸበቶ ሽማግሌ ናቸው።

ብድግ አልኩ።

በገዛ ፈቃዴ አልተነሳሁም፤ ያነሳኝ አስተዳደጌ ነው። ጉልበቴ ውስጥ የሆነውን አልነግራችሁም፣ ገና አሁን ነው የበላችሁት። «ኖር!» አልኩ። ሽማግሌው «በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር፤ ይቀመጡ» አሉ። እነሱ ሳይቀመጡ እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ? ሦስቱም ወንበር ስበው እስኪያበቁ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እንዴት ነዎት?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው?»

ምን ልበል? ሰው እንዴት ነሽ ሲል ምን ይባላል?

«እጅዎን እስቲ ይጨብጡ።» ጨበጥኩ፤ የአመተ ሥላሴ ቅቤ ምን ይሳነዋል!

«ጧት ጧት ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ ይመስገነው። ከእኔ የባሰ ስንት አለ።»

«ሰው ያግዝዎታል?»

«ዕድሜ ይስጣቸው፣ ምን ጎደለብኝ!»

ዳር የተቀመጠው ወጣቱ ሐኪም፣ ዶክተር አብይ ይሉታል፣ «እዚህ ድረስ እንዴት መጡ?» አለኝ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር። መልሱ ነው የጠፋው። «በደህና መጣሁ፣ ይመስገነው» አልኩት።

የወሰኑት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። «ሥራዋን መቀጠል ትችላለች።» በሐኪሞቹ አልፈርድም። ከፊታቸው የቆመች፣ የተኳለች፣ ምንም አልጎደለብኝም የምትል ሴት ናት የቀረበች። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምፈርድ።

ደግፋችሁ ስታወጡኝ ሁላችሁም ከበባችሁኝ። ባዘዘው «ምን አልሻቸው?» አለ።

«ደህና ነኝ አልኳቸው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ልጆቻቸውን ጠየቅኋቸው። ተነሳሁላቸው።»

አመተ ሥላሴ «ወይ እመቤቴ ማርያም!» ብላ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢያንስ ቢያንስ «ምነው?» የሚል ጠብቄ ነበር። እናንተ ግን ጎንበስ አላችሁና አነሳችሁኝ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጭቃ፣ ሽቅብ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን አንዱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባዘዘው የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀ ነው! «ልጆች ደህና ናቸው ብለሽ ጠየቅሻቸው?» አለኝ። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ቃሬዛው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ በዝናቡ ነው እንጂ አይታችሁኝ ነበር።

ያቺ ብድግ ማለት ዋጋዋን አስከፈለችኝ። ጉልበቴ አብጦ እስከ ፍልሰታ መጨረሻ አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ አቃተኝ።

ይግባኝ ተባለ። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ስንት በር እንዳንኳኩ እኔ አልነግራችሁም፣ እርሳቸውም አይነግሯችሁም። እንደገና እንድታይ ተፈቀደ፤ ጥቅምት ላይ፣ በጧት። ግን የመጨረሻ ነው ተባለ። ከዚህ በኋላ ሌላ የለም።

እንግዲህ ልምምዱ መጣ! እውነቱን ለመናገር ልምምድ የሚያስፈልገው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አመተ ሥላሴ መነጽር አድርጋ አልጋዬ አጠገብ ትቀመጣለች። «እንዴት ነዎት?» ትለኛለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ—»

«አትበይ!»

«እሺ። አሞኛል።»

«ምንሽን?»

«እንዲያው ትንሽ…»

«የምን ትንሽ ነው! ትንሽ የሚባል ቃል እዚህ ቤት እንዳልሰማ!»

ባዘዘው ደግሞ ከበር ውጭ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንደ ሽማግሌው ሐኪም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይገባል። የእኔ ሥራ አለመነሳት ነው። ባዘዘው መሆኑን አውቃለሁ እኮ! ሽንኩርት ሊያቀብለኝ ሲመጣ እንደ ቤት ልጅ የማየው ባዘዘው። ግን ጉሮሮውን ሲጠርግ ወገቤ ከአልጋው ይለቃል። እናቴ ይኼን ሁሉ ጥጋቸው ላይ ሆነው ያያሉ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሰው ሲገባ እንዳትነሳ ነው የምታስተምሯት? እኔ ለፍቼ ያሳደግኋትን ልጅ ባለጌ ልታደርጉብኝ ነው?» ብለው በመቋሚያቸው ባዘዘውን ከቤት አስወጡት።

ጥቅምት ደረሰ። ያን ቀን ጧት በሕይወቴ ያላየሁት ጧት ነው። ብርድ ልብሱ እንኳ ከበደኝ። ስታነሱኝ ጮህኩ። እናንተ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህኩ። «ተዉኝ! ይቅርብኝ ጡረታው!» አልኩ። ሁላችሁም እጃችሁን አንጠልጥላችሁ ቆማችሁ ቀራችሁ። ካልቀረብኩ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። የእናቴን ፊት ማየት ፈራሁና ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ አንገቴ ብቻ ነበር የሚዞርልኝ።

ከዚያ ባዘዘው «ቃሬዛውን አንሱ» ሲል ሰማሁ።

«ማንን ልንሸከምበት?» አለው አንዱ።

«ማንንም። ባዶውን እንወስደዋለን። እጃችንን አወናጭፈን ብንሄድ ማን ያምነናል?»

የተከተለውን እኔ አላየሁም፤ ባዘዘው ነው ያወራኝ። አራት ሰው ባዶ ቃሬዛ ተሸክሞ ከተማውን አቋረጠ። ሰውም ባዶ መሆኑን እያየ ትከሻ ልስጥ ይል ነበር አለኝ። ሆስፒታል ገብተው ቃሬዛውን ቦርዱ በር ላይ አስቀመጡት። «ታማሚዋስ?» ተባለ። ባዘዘውም «ዛሬ የቀረበው ይኼ ነው። ባለፈው ያመጣናት በዚህ ነበር። ዛሬ ለዚህም አልሆነችልንም» አለ። ያን ጊዜ ዶክተር አብይ ከወንበሩ ተነስቶ «ያቺ ኖር ብላ የቆመችልን ሴትዮ?» አለና ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ተከትሏቸው መጣ።

ወደ ቤታችን ሲገባ እናቴ ብድግ አሉ። «ኖር!» አሉ። እኔም…

እኔም ልነሳ ሞከርኩ። ያን ሁሉ ልምምድ ከንቱ አደረግሁት። ከትራሴ የለቀቀው ራሴ ብቻ ነው፤ እሱም ተመልሶ ወደቀ። ባዕድ እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሳልነሳለት የቀረሁ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ቀን ያን ቀን ነው። ዕንባዬ መጣ። ከሕመሙ አይደለም፣ ከኀፍረቱ ነው።

«እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን…» አመተ ሥላሴ ከኋላ ስትቃትት ሰማኋት።

ዶክተሩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የእኔ እናት ይጁቤ ናት» አለ። «እግሯ ተሰብሮ ልጠይቃት ሄጄ እንዴት ነሽ ብላት፣ እኔስ ደህና ነኝ፣ አንተ ምነው ከሳህ አለችኝ። እርስዎን ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «እማሆይ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ጧት ጧት የሚያጎርሳት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናቴ። ቀጥለውም «አንተ የተማርክ ነህ ልጄ» አሉት። «እኔ ስሞት ማን እንደሚያጎርሳት ንገረኝ።»

ከዚያ በፊት አንዲት ቀን እንኳ አማርረው አያውቁም። ዶክተሩም መሬት መሬቱን አየ። ቤቱ ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጥያቄ እኔ እስክሞት አልረሳውም።

«እኔ ብቻ ማየቴ አይበቃም» አለ በመጨረሻ። «ሦስታችንም ልናያቸው ይገባል። እንዲሁ እንዳሉ እንውሰዳቸው።» መርፌ ወጋኝና ሕመሙ ጋብ ሲል ከነፍራሼ ቃሬዛው ላይ አደረጋችሁኝ። ጸጉሬ ተበትኗል፣ የለበስኩት ያደረ ቀሚስ ነው። «ቀሚሴን እንኳ…» ብል አመተ ሥላሴ «ተዪው!» አለችኝ።

ከዚያ ከፊት ያለውን አጣና ማን እንዳነሳው አየሁ። ያን ቀን ከሥር ሆኜ ያየሁት አገጭ የዶክተር አብይ ነው። ነጩ ጋዋን ትከሻው ላይ ጠቆረ። ገበሬዎቹ «ያምጡት ዶክተር፣ እኛ እንቀበልዎ» ሲሉት «ትንሽ ልሂድ» ይላል። ቃሬዛ አገኘ፣ ትከሻ ሰጠ፤ በቃ። የይጁቤ ልጅ ነዋ! እኔ ግን ሰማይ ሰማዩን አየሁ። የጥቅምት ሰማይ፣ አንድም ደመና የለበት።

ቦርዱ ክፍል አስገባችሁኝ። ሸበቶው ሐኪምና ሌላኛው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ሽማግሌው ቃሬዛውን አዩ፣ ባልደረባቸውን ከአጣናው ሥር አዩ፣ እኔን አዩ። ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ። ሌላውም ተነሳ።

«ኖር!» አሉ ሽማግሌው።

ለእኔ! ተኝቼ ለገባሁት! ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን አንድ ሰው መልሶ ሲለኝ መልሱ ጠፋኝ። እንደ ምንም «በእግዚአብሔር» አልኩ። ከዚያ መረመሩኝ። ከዚያ በሕመም ጡረታ ትውጣ ብለው ወሰኑ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስ። እናቴ ማታ ነግሬያቸው ሳበቃ «ተነሱልሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አዎ» አልኳቸው። «የሰው ልጆች ናቸው» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ንግግሬ ረዘመ መሰለኝ፤ ዘበኛውም ወንበሩን እየቆጠረ ነው። ልመርቃችሁና ላብቃ።

አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ ጽሑፍዎን የሚያነብልዎ ሰው አያሳጣዎ። ባዘዘው፣ መንገድህ ሁሉ ደረቅ ይሁን፤ ጭቃም ከሆነ ሰው አይጥፋበት። አመተ ሥላሴ፣ እነዚያን እጆችሽን ቁርጥማት አይያቸው፤ ሌላ ምን እልሻለሁ? መሲ፣ ኮምፒውተሩ ስሕተትን በአንዲት ጣት ያጠፋል አሉኝ፤ ጣትሽን ግን ከብርድ ጠብቂ፣ ሲያምሽም ደህና ነኝ አትበዪ። ሁላችሁንም በደጃችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የሚጦር ይሁኑላችሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ትከሻ የሰጡኝን፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን፣ እግዚአብሔር በየመንገዳቸው ይከተላቸው። አሜን በሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ ይኸው አሁንም እያዩኝ ነው። እማሆይ፣ ይፍቱኝ፤ ዛሬ ልጅዎ ተቀምጣ ልትል ነው። ክቡራትና ክቡራን፣ ስትገቡ ያላልኳችሁን አሁን ልበላችሁ።

ኖር!

ምነው ዝም አላችሁ? ኧረ… ኧረ ምን ማድረጋችሁ ነው? ሁላችሁም? አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ እርስዎም? ባዘዘው፣ አንተ እንኳ ቁጭ በል! እማሆይ፣ እርስዎ ደግሞ ለገዛ ልጅዎ? በሞቴ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን! ኧረ ልታስነሱኝ ነው እኮ!

እሺ። በእግዚአብሔር። በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡልኝ።